ጾም የታዘዘበት አነር

ለክቡር አቶ መልካሙ ደጀኔ
የሠርክአዲስ መናፈሻና የእንግዳ ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ
ቡሬ

ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎ የሰላም፣ እንግዳዎም የማይነጥፍ ይሁን እያልኩ፣ የነፍስ አባትዎ ስሆን ልጄ ብዬ መጥራት ሲገባኝ ዛሬ ክቡር ብዬ መጻፌን እንዳይቀየሙብኝ በትሕትና እለምናለሁ። ልጄ ብዬ ደጋግሜ ስለምንዎ ስላልሰሙኝ፣ ምናልባት ክቡር ሲባሉ ይሰሙ እንደሆነ ብዬ ነው። በንስሐ ከነገሩኝ አንዲት ቃል አላወጣም፤ የምጽፈው የቡሬ ሰው ሁሉ በመናፈሻዎ ሽቦ በኩል ያየውን ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ አመሰግንዎታለሁ። ሽንዲ የሚኖሩት አማትዎ በቆሎ ሲያሳጭዱ ያገኙትን፣ ዓይኑን በቅጡ ያልገለጠ አነር ወደ ቡሬ አምጥተው፣ ከውሻና ከጥይት አድነው፣ ወርዱ አራት እርምጃ በሆነ የሽቦ ቤት አኑረውታል። አገር ላገር መዞር ልማዱ የሆነውን አውሬ ከድካም አሳርፈውታል። ለምዶናል፣ ይወደናል ሲሉም ሰምቻለሁ። መናኝ ዋሻ ሲገባ በፈቃዱ ነው፤ እሱን ማን እንደጠየቀው ግን አላወቅሁም። መልመዱን እኔም አይቻለሁ፤ ሰው ሲቀርበው መሸሽ ትቷል።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የመጀመሪያው በራሴ ላይ ነው። የቅበላ ዕለት ከማዕድዎ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከነገ ጀምሮ ሥጋ ቤቱ ሁሉ ስለሚዘጋ አነሩን ምን እናብላው ብለው ጠየቁኝ። ጠላው ደስ አሰኝቶኝ ነበርና፣ በጾመኛ ቤት ያለ ሁሉ ይጹማ አልኩ። ገበታው ሁሉ ሳቀ፤ እርስዎም ሳቁ። በማግስቱ ሽሮ ፍትፍት አቀረቡለት። አርባ ዓመት ሙሉ ታረቁ፣ ድሀ አትበድሉ እያልኩ ሳስተምር የሰማኝ ጥቂት ነው፤ በቀለድኩባት ቀን ግን ቃሌን ሳያጎድሉ ፈጽመውልኛልና እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

2ኛ. በሽቦው ላይ «ጾመኛው አነር፣ በቄስ ገብረ ኢየሱስ ፈቃድ» የሚል ሰሌዳ ሰቅለውልኛል። ከፍኖተ ሰላም ድረስ ፎቶ ሊነሡ የሚመጡ ወጣቶች ስሜን አውቀውልኛል። ከደብረ ዘይት ሰንበት ወዲህ የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ እንደሚታይ ግን ሰሌዳው ላይ አልተጻፈም። ቀልድ ነበር ብዬ መጥቼ ብናገር፣ አባ የካህን ቃል አይታጠፍም ብለው መለሱኝ።

3ኛ. እምቢታዎን ባየሁ ጊዜ፣ የሚያውቀኝ በሌለበት ገበያ ዶሮ ልግዛ ብዬ ማንኩሳ ሄድኩ። ስመለስ ዶሮዋ ሚኒባስ ውስጥ ከጋቢዬ ሥር ጮኸች። አጠገቤ የተቀመጡት የደብራችን ምእመን ወይዘሮ እማዋይሽ፣ አባ ለፋሲካ ነው አይደል ቢሉኝ መዋሸት አልሆነልኝም፤ እውነቱም ከውሸቱ የባሰ መሰለኝና ጋቢዬን ደግሜ ደረብኩባት። በጾም ዶሮ የሚበላ ቄስ ተብዬ ሰነበትኩ፤ ይህን አልቆጠርኩትም። ዶሮዋን በምግብ ማስገቢያው ቀዳዳ አሾልኬ ብለቃት፣ አነሩ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ራሱን መልሶ መሬት ላይ አኖረ። እሷም ዞር ዞር ብላ የተረፈውን ሽሮ ለቀመች። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

4ኛ. በማግስቱ የቀድሞው ሰሌዳ ወርዶ፣ አውሬና ዶሮ አብረው አደሩ፣ ትንቢት ተፈጸመ የሚል ተተካ። የእንግዳዎ ቁጥር በዝቷልና እንኳን ደስ ያለዎ። ዶሮዋ የተረፈችው አውሬው ለመነሣት አቅም ስላጣ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ብናገር፣ ያስተማርኩት ዲያቆን ተስፋው፣ አባ ተአምር አይካዱ ሲል በአክብሮት ገሠጸኝ።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩን ይክፈቱለት። ማደን ያስተማረው እናት የለውም ይሉኛል፤ እውነት ነው፤ ከእናቱ ማን እንደለየው ግን ሁላችንም እናውቃለን። ከቻሉ ሥጋ አብልተው አጠንክረው ወደ ሽንዲ ይመልሱት፤ ካልቻሉ እንኳ ሲሞት ከሣር ላይ ይሁን። ሰውን ከኃጢአት እሥራት እንድፈታ ሥልጣን ተሰጥቶኝ፣ አንድ የሽቦ ቤት መክፈት አቅቶኝ ተቀምጫለሁ። ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ክቡርነትዎ ከሚወዷቸው እንስሳት አንዱ አድርጎ ያልፈጠረኝን አምላክ እያመሰገንኩ፣ ከመናፈሻዎ ደጅ ብዙ ጊዜ ቆሜ ብዙ ጊዜ የተመለስኩ፣

ታዛዥዎ
ቄስ ገብረ ኢየሱስ
ቡሬ፣ በኒቆዲሞስ ሰንበት ማግስት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በመናፈሻው በር ልለጥፍ ስመጣ፣ ልመናዬን ቀድመው እንደፈጸሙልኝ አየሁ። በሽቦው ቤት ላይ ቁልፍ የለም። ዘበኛዎ አቶ ዓለምብርሃን እንደነገሩኝ፣ ቁልፉ ለመጋዘኑ ተፈልጎ ከተወሰደ አምስት ቀን ሆኖታል፤ ከእንግዲህ እሱ ወዴት ይሄዳል ብለው ነው አሉ ያዘዙት። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ራቅ ብዬ ተቀምጬ እስኪመሽ ጠበቅሁ። ዶሮዋ ወጥታ ሄደች። እሱ ፊቱን እንኳ ወደ በሩ አላዞረም። ስለ ፈጣን ምላሽዎ ከልብ አመሰግናለሁ።