በሎሚ የታጠበችው ሳንቲም

ተስፍዬ፣ የኔ ዓለም፣

ያለህበት ከዚህ እንደሚሻል ስለማምን እንዴት ነህ አልልህም። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። ሰፈራችን ዊትኒም የበረሃ ሙቀቷም ያው ናቸው። በወረርሽኙ ምክንያት ካናዳውያኑ ቱሪስቶች እንደ ድሮው አይመጡም፤ የሆቴል ሹፌር ጓደኞችህ እንኳ እዚህ የማይሠራ የካናዳ ሳንቲም ቲፕ ሰጡን ብለው ያማረሩበት ጊዜ ናፍቋቸዋል።

ያን ሳንቲም ከየሰዉ ለቅመህ በማጉያ መነጽር ስታገላብጥ፣ ላዩ ላይ ያለችውን ንግሥት ጣውንቴ እያልኩ ስንት ጊዜ ቀለድኩብህ። ከሁሉም የምትሳሳላት ፈረሰኛ ፖሊስ ያለባት የ1973 ሃያ አምስት ሳንቲም ነበረች። በአብዛኞቹ ላይ የንግሥቲቱ ራስ ትንሽ ነው፤ ያንተዋ ላይ ግን ተለቅ ይላል፣ እንደ ልብም አይገኝም። ልጃችን ሊዲያ ነርስነት ስትጨርስ የሷ ናት ብለህ ነበር።

በለቅሶው ሰሞን የቤተ ክርስቲያን እህቶች ቤቱን ሊያጸዱልኝ መጡ። ሳንቲሞችህ ደብዝዘው ሲያዩ የሟች ዕቃ እንዲህ አይቀመጥም ብለው፣ ከየላስቲካቸው አውጥተው በሎሚና በጨው ፈተጓቸው። የታጠበ ሳንቲም ሰብሳቢ ዘንድ እንደሚረክስ በምን ያውቃሉ? ተባረኩ ብዬ ሸኘኋቸውና በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

የባሰው፣ ሁሉም ተደባለቁ። የሊዲያ ምረቃ ሲቃረብ መነጽርህን ይዤ መስኮቱ ስር ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ሁሉም ላይ ያቺው ሴትዮ። አንዷን አገኘኋት ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ከሌላዋ ጎን ሳስቀምጣት ያው ትንሿ ሆነች። ኋላ ያልከኝ ትዝ አለኝ፤ ፊቷን ተይና ጠርዙን እዪ። በትልቁ ራስ ዙሪያ ያሉት ነጠብጣቦች ቁጥራቸው ይበዛል። አገኘኋት፣ ተስፍዬ። አርትስ ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር ያለ ሳንቲም ነጋዴም ትክክል ነሽ አለኝ፤ ግን ስለታጠበች ሰብሳቢ አይፈልጋትም።

ለሊዲያ ሁሉንም ነግሬ ሰጠኋት። ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። አንተ ጣት እንዳይነካት ስትጠነቀቅላት የኖርክላትን ሳንቲም፣ እሷ ዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ከታ ሺፍት ትገባለች። ሲጨንቃት በአውራ ጣቷ ታሻታለች። ከእንግዲህ የሚበላሽ ነገር ስለሌላት ማንም አይከለክላትም።

እኔም አንተን እንዲያ ላስታውስህ ቃል እገባልሃለሁ። ስምህን በየቀኑ እያነሳሁ፣ እየቀለድኩብህም፣ ያልቅብኛል ብዬ ሳልሰስት።

ያንተው አስቴር