ብረት ማውጫ ለምነን ብረት ለላከልን ኮሚቴ

አርባ ምንጭ፣ ጥር 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ብርሃነመስቀል፣ የመድኃኒት ዕደላ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ደምዎ እንደ ኩልፎ ወንዝ ሳይጎድል ይውረድ፤ ልብዎንም ምንም ነገር አይክበደው።

እኔ ዶርዜ ተወልጄ እዚሁ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር የምኖር ሸማኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሸማኔ ጉድጓድ ተቀምጬ ስለሆነ ስሕተት ቢያገኙ በትልቅነትዎ ይለፉኝ። የእህቴ ልጅ አበቡ ከእናት ከአባቷ በወረሰችው የደም በሽታ ምክንያት ከሕፃንነቷ ጀምሮ በየወሩ የሰው ደም ይሰጣታል። ሐኪሟ እንዳስረዳን፣ ከደሙ ጋር የሚገባው ብረት መውጫ ስለሌለው ጉበቷና ልቧ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ በቀጭን መርፌ ከቆዳዋ ሥር ቀስ እያለ ገብቶ ብረቱን የሚያስወጣ መድኃኒት እንዲመጣላት ሐኪሙ ለኮሚቴዎ አመለከተ።

አንደኛ፣ ኮሚቴዎ ደም ላነሳት ልጅ ብረት ይጨመርላታል እንጂ አይቀነስባትም ብሎ በሙሉ ድምፅ ወስኖ አንድ ካርቶን የብረት ክኒን ስለላከልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ዓባያ ሐይቅ ውስጥ ለሚሰምጥ ሰው አንድ እንስራ ውኃ የሚልክ እንዲህ ያለ ደግ መሥሪያ ቤት ከዚህ በፊት አላየሁም።

ሁለተኛ፣ ሐኪሟ ዳግመኛ ሊያስረዳ በመጣ ጊዜ፣ በሙሉ ድምፅ የተወሰነ ነገር እንደማይነካ ነግረው በክብር ስለሸኙት አመሰግናለሁ። በሽታው ግን ስብሰባ ስለማይገባ ውሳኔውን አልሰማም። የልጅቱ ፊት እየጠቆረ ነው፤ ከቤት እስከ ቧንቧው ሄዳ ስትመለስ የልቧ አመታት በቀሚሷ ላይ ይታያል።

ሦስተኛውን መጻፍ ይከብደኛል። ብዙ ጊዜ ደም የሚሰጣት ወንድሟ ኦይታ ነበር። ዐምና ወደ ግንባር ሄደ፤ መርዶው መጣ፣ አስከሬኑ አልመጣም። እሱን ወደ ግንባር ለመውሰድ ግን መኪናም ነዳጅም በአንድ ጠዋት ተገኝቷልና ለዚህም ምስጋና ይገባል። የለቅሶው ዕለት የዶርዜ ሴቶች የሚያለቅሱበት ሬሳ ቢያጡ፣ የልጁ ደም ያለው እሷ ዘንድ ነው ብለው አበቡን መካከል አስቀመጧት፤ እጇን እየያዙም በእሱ ስም እየጠሯት አለቀሱ። ከለቅሶው ስንመለስ፣ «አጎቴ፣ መድኃኒቱ ሲመጣ ኦይታም አብሮ ይወጣል?» አለችኝ። አዎ እንዳልላት መድኃኒቱን ትጠላዋለች፤ አይወጣም እንዳልላት፣ ልቧን እያደከመ ያለው እሱ የተወላት ብረት ነውና መውጣት አለበት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ እሱን የምታዳምጥ ይመስለኛል።

እንግዲህ ኮሚቴዎ አንድ ጊዜ ብቻ በሙሉ ድምፅ እንዲሳሳት ሳይሆን ሐኪሟን በሙሉ ድምፅ እንዲጠይቅ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ደግነትዎን ችሎ ለመክረም የሚጣጣረው፣
የአበቡ አጎት ማቴዎስ ዳልጮ

ማስታወሻ፦ የኦይታን ተራ የተካሁት እኔ ነኝ፤ የፊታችን ሐሙስ ደም እሰጣታለሁ። ባልሰጣት ትሞታለች፤ ብሰጣት የእኔም ብረት ልቧ ላይ ይጨመራል። ከሁለቱ በየትኛው እንድገድላት ኮሚቴው ወስኖ እስከ ረቡዕ ቢያሳውቀኝ ውለታዎን አልረሳም።