አልጋዬን ለምን ባዶ አገኘኸው

ውድ ልጄ ኢርፋን፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ስለ ጤናዬ አልጽፍልህም፤ ቡአዬን ያየኸው አንተው ነህ። ይህን የምጽፈው እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው። እናትህ «እባክህ አንድ ቦታ እረፍ» ትለኛለች። ነገሩ አላስቀመጠኝም።

ትናንት ጠዋት ለኦፕራሲዮን ልትወስደኝ ስትመጣ የሆስፒታል አልጋዬን ባዶ አገኘኸው። ፈርቶ ጠፋ ብለህ ለእናትህ ደወልክ። አልፈራሁም።

ከትናንት ወዲያ በሽተኞቹን ስትጎበኝ፣ ሲስተር ነኢማ ኦፕራሲዮን ላደረግከው ለአልጋ ጎረቤቴ ለአደም ያዘዝከውን መድኃኒት ስሙን እንድትደግምላት ጠየቀችህ። «ዲግሪሽን ከሰንበቴ ገበያ ነው የገዛሽው?» አልካት። ተማሪዎችህ ሳቁ። አደም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሰንበቴም እኮ በሬ ስንገዛ ጥርሱን ደግመህ አሳየኝ እንላለን» አለኝ። አንተን ያስተማረህ በዚያ ገበያ የሸጥኩት በሬ ነው። ልጄ መሆንህን ግን ለአደም አልነገርኩትም።

ከዙሁር ሶላት በኋላ የአደም ፋሻ በደም ራሰ። ነኢማ እስከ በርህ ሮጠች። ልታንኳኳ ያነሳችውን እጇን መለሰችው።

«ምነው፣ አንቺ ልጅ?» አልኳት።

«አባባ፣ ትንሽ ልየውና ከባሰ እጠራቸዋለሁ።»

«ከዚህ በላይ ምን ይባስ?»

«ደግሞ ያስቁብኛል።»

አደም ከአልጋው «ያ ረቢ!» ይላል። ቡአዬን በአንድ እጄ ደግፌ በርህን በከዘራዬ ደበደብኩት። ደረስክለት፤ አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈ። እጅህ ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ደሙ እንደቆመ ግን ወደ እሷ ዞረህ፣ «በር የሚሰብር ሽማግሌ ካልመጣ አንቺ አትጠሪኝም?» አልካት። ከዚያ እኔን አይተህ ፈገግ አልክ። አብሬህ የምስቅ መስሎህ ነበር።

በክረምት ቦርከናን ከብት ስናሻግር ፊት የሚሄደው ኋላውን አያይም። ከኋላው «ተው!» የሚለው ሰው ነው የሚያድነው። ያን ሰው ከሰደብነው በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላል፤ ወይፈኑንም ውሃ ይወስደዋል። እኔ ፊደሉን ያለ ትምህርት ቤት የለቀምኩት ያልገባኝን ሁሉ ደግሜ እየጠየቅኩ ነው። ደግሞ የጠየቀ ሰው ሲዋረድ አይቼ አላልፍም።

ደንዝዤ ስተኛ አጠገብህ የምትቆመው ነኢማ ናት። አንተን ፈርታ ዝም የምትል ሰው ባለችበት ሆዴን አላስከፍትም።

እናትህ «ልጅህ ነው፣ ታረቀው» ትላለች። እኛ አልተጣላንም። በሰው ፊት ያዋረድካትን ልጅ በሰው ፊት «አፉ በይኝ» በላት። በስልክ አይሆንም፤ ጓዳ ገብታችሁም አይሆንም። ተማሪዎችህ በሳቁበት ቦታ ቆመህ፣ አደምም እየሰማ።

ሌላ ሐኪም ዘንድ ሂድ እንዳትለኝ። አልሄድም። ሐኪሜ አንተ ነህ።

ጋቢዬን አጣጥፌ ከከዘራዬ ጋር በሩ ሥር አስቀምጫለሁ። ነኢማ ራሷ ደውላ «አባባ፣ ይምጡ» ያለችኝ ቀን እመጣለሁ። እስከዚያ አንተ አትደውል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እየተነሳሁ ነው።

አባትህ አብዱልጀባር
ከሚሴ፣ ጥቅምት 2004 ዓ.ም.