ለኅዳር ጭስ የተከመረ ቅጠል

ሰኞ፣ ኅዳር 8

በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ካሉኝ ስድስት የናሙና ቦታዎች አራቱ ተጠርገዋል። ትናንት፣ ከቅዳሴ በኋላ።

ዛሬ ጠዋት ከፍኖተ ሰላም ተነስቼ በቡሬ መንገድ ላይ ወርጄ ደኑ ስደርስ ከዋንዛው ሥር እስከ ድንጋይ አጥሩ መሬቱ ራቁቱን ነበር። የመጥረጊያው ጭረት ይታያል። ቦታዎቹን የለየሁባቸው ቀይ ክሮች ተለቅመው፣ በወግ ታስረው፣ አጥሩ ላይ ተሰቅለዋል። ይሄ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። በክፋት በጣጥሰው ቢጥሏቸው ይሻለኝ ነበር።

ቅጠሉ አጥሩ ሥር ተከምሯል። ሦስት ክምር፣ ሁሉም ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ዓርብ ኅዳር 12 የሚካኤል ንግሥ ነው፤ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን። ሰው ሁሉ የየደጁን ጉድፍ ሰብስቦ በሽታ ይውጣ ብሎ ያጨሳል። ክምሩም ያኔ ይለኮሳል።

የሰንበት ትምህርት ቤቱን ወጣቶች የሚመራው ዲያቆን ስመኘው መጥረጊያ እንደያዘ መጣ።

«ደስ አይልም ዶክተር? ለእርስዎም ብለን ነው እኮ።»

ለእኔ? ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ኮምፒውተሬ ላይ ያየውን የማይት ፎቶ በስልኩ አንስቶ ወደ ወጣቶቹ ቴሌግራም ልኮት ኖሯል። የማጠናት የአፈር ፍጥረት፣ ማይት፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ታንሳለች። በማይክሮስኮፕ ስትጎላ ግን ስምንት እግር ያላት፣ ጋሻ የለበሰች አውሬ ትመስላለች። ከፎቶው ሥር «የመዥገር ዘመድ በግቢያችን» ብሎ ጽፎበታል። ዝምድናው እውነት ነው። ግን ደም አትመጥም፤ የምትበላው የበሰበሰ ቅጠልና ሻጋታ ነው።

«ለንግሥ ሕዝቡ ከነልጆቹ መሬት ላይ ይቀመጣል። ቢነከስስ?»

«አትነክስም።»

«እንግዲህ መዥገርም ጾመኛ ሆነ!» ወጣቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ከእያንዳንዱ ክምር አንድ ከረጢት ቅጠል ይዤ ተመለስኩ። በማስተምርበት ኮሌጅ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደወልኩ። እንደ አዲስ አስረዳሁት፤ የዚህ ደን ማይቶች ወንድ የላቸውም፣ እናት ብቻዋን ሴት ልጅ ትወልዳለች፣ አንዲቷ ለማደግ ብዙ ወራት ይፈጅባታል፣ የታረሰ ማሳ አቋርጣ ወደ ሌላ ደን አትሄድም። በዙሪያው ባለው የስንዴና የበርበሬ ማሳ ያሉት ሌሎች ናቸው፤ ቶሎ የሚባዙ፣ ቶሎ የሚያልቁ። በሽንዲ በኩል ባለው የቤተ ክርስቲያን ደን ያሉት ደግሞ የእነዚህ እህቶች ይመስላሉ፤ የጀርባቸው ጸጉር ግን ይለያል። ግምቴ ይህ ነው፦ ጥንት ደኑ አንድ ነበር፣ እነሱም አንድ ነበሩ። እርሻ ሲለያያቸው በየቤተ ክርስቲያናቸው ቀርተው ለየብቻ ተለወጡ። ግምቱን ማስረጃ የሚያደርገው የዘንድሮው ናሙና ነው። ያልተጠረጉት ሁለቱ ቦታዎች ማሳው ዳር ስለሆኑ እነዚህ አይገኙባቸውም፤ ከተቃጠሉ ተራምዶ የሚተካቸው የለም።

«ሌላ ሚካኤል ጠፋ?» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ይልቅ ኖራው ላይ ግቢ። ገበሬው የሚጠይቀን ስለ አሲዳማ አፈር ነው። ዓርብ የኖራ ሥልጠና አለ፣ እንዳትቀሪ።»

እቀራለሁ አላልኩትም። እሺም አላልኩትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አልኮል አልቋል። ከባሕር ዳር የሚመጣው ዕቃ መንገድ ሲዘጋ ቀርቷል፣ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ያለ አልኮል ናሙና ይሸታል።

ገበያ ሄድኩ። አረቄ የሚያወጡት ወይዘሮ የሺ ጋ።

«ዳግሙን ይስጡኝ፣ ጠንካራውን።»

«የምን ድግስ ነው ዶክተር?»

«ለአፈር ተባይ ነው።»

«እነሱም ጀመሩ?»

«እስኪሞቱ ይጠጣሉ።»

«እንደ ባለቤቴ በያቸው!» አሉና ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞሉልኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቅጠሉን ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ በሆነ፣ ወንፊት ባለው ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ አድርጌ ከላይ አምፖል አበራለሁ። ማይት ሙቀትና ድርቀት ስለማትወድ ወደ ታች ትሸሻለች፤ ታች የሚጠብቃት አረቄው ነው። ከሰዓት መብራት ሄደ። ማንቆርቆሪያዎቹን ተሸክሜ ወደ ግቢው አወጣኋቸውና በጥቁር ጨርቅ ሸፍኜ ፀሐይ ላይ ደረደርኩ። የሒሳብ መምህሩ ሲያልፍ «ጠላ ጠመቅሽ እንዴ?» አለኝ። ሽታው አሳስቶት ነው፣ አልፈርድበትም።

ሙሉው ውጤት ቀናት ይፈልጋል። ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጀመሪያውን ብልቃጥ አየሁ።

አሉ!

ከክምሩ ውስጥ ናቸው፣ በብዛት። ጋሻ ለባሾቹ፣ የእኔዎቹ። ከሦስቱም ከረጢት። ቅጠሉ ሲጠረግ አብረው ተጠርገው ክምሩ ውስጥ ገብተዋል፤ መሐሉ እርጥብ ስለሆነ አልሞቱም። ትናንት አለቀላቸው ብዬ ነበር። አላለቀላቸውም። ከዓርብ በፊት ቅጠሉ ወደ ቦታው ቢመለስ ይድናሉ። ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ።

ናሙናዬ እንደ በፊቱ ንጹሕ አይሆንም። አራቱ ቦታዎች ተደባልቀዋል፣ ይህን በጽሑፌ ላይ በግልጽ አስፍራለሁ። የደኑ ማይቶች ዘር ግን ይቀጥላል። አሁን የምሟገተው ለዚህ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ወደ መምሬ ይሁኔ ሄድኩ። የመጀመሪያውን ፈቃድ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር።

«ተቆጥተሻል አሉ» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«አዎ መምሬ። ልደብቅዎት አልችልም።»

«በይ ተቀመጭና ተቆጭ። ቆሞ መቆጣት ያደክማል።»

ነገርኳቸው። ክምሩ ውስጥ እንዳሉ፣ ቅጠሉ ቢመለስ እንደሚተርፉ። ሰሙኝና የፈራሁትን ጠየቁ።

«መድኃኒት ይሆናሉ?»

አዎ ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። «አይሆኑም» አልኩ። «ቢያንስ እኔ አላውቅም። ሥራቸው የወደቀውን ቅጠል አድቅቆ ወደ አፈር መመለስ ነው። ቅጠሉ ካልደቀቀ ዛፉ ምን ይበላል? ወይራው ሥር ችግኝ ጠፋ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ብያለሁ።»

«በየዓመቱ ሲጠረግ ምን ይብቀል?»

«እንዲህ በስፋት የተጠረገ ዘንድሮ ነው። ቀድሞ በሩንና ዐውደ ምሕረቱን ብቻ ነበር። ግን ልጄ፣ ወጣቱ ምሳ ሳይበላ ነው የጠረገው። ለመልአኩ ክብር ብሎ። አሁን መልስ ብለው ምን ይለኛል? ኅዳርስ ያለ ጭስ ይለፍ?»

«ጭሱ ይኑር። መንገድ ዳር ፌስታልና የበቆሎ አገዳ ሞልቷል፣ እሱ ይጨስ። ቅጠሉ ግን የሚካኤል ነው፣ ጉድፍ አይደለም።»

«እንቢ ቢሉሽስ?»

«ክምሩ ላይ እቀመጣለሁ።»

ሳቁ። የቀለድኩ መስሏቸዋል። ነገ የሰበካ ጉባኤው ይሰበሰባል፣ መጥተሽ ተናገሪ አሉኝ። እንዲህ ያለ ጉዳይ እሳቸው ብቻቸውን አይወስኑትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ማይክሮስኮፑን በባጃጅ ጭኜ ሄድኩ። ጭኔ ላይ አቅፌ፣ በየጉድጓዱ እየዘለልኩ። መስታወቱ ደህና ደረሰ።

ጉባኤው ከአጥሩ አጠገብ፣ ከክምሮቹ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ማይክሮስኮፑን ድንጋይ ላይ አቁሜ ፀሐይ እንዲበራለት አዞርኩት። በሕይወት ያለችውን አንዷን አስገባሁ። መጀመሪያ ያዩት ሊቀ መንበሩ አቶ አስማረ ናቸው። ብዙ ቆዩ።

«ይቺ ናት ሕዝብ ያስፈራች?»

«እሷ ናት።»

«ስትሄድ እኮ ያመማት ትመስላለች።»

ወይዘሮ አለምነሽ፣ የማኅበሩ እናት፣ ተራቸውን ሲያዩ «ወንድ የላትም ያልሽው እውነት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው።»

«ለዚህ ነዋ ቤቷ ሰላም የሆነው።» ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወንዶቹ ወደ ዛፉ አዩ።

ስመኘው ግን አልሳቀም። ተነስቶ ተናገረ፤ ጥሩ ተናጋሪ ነው። ነገ ከየገጠሩ ሕዝብ ይመጣል፣ ሕፃናት ይመጣሉ፣ አንድ ልጅ ቢያሳክከው ደብሩ ስሙ ይጠፋል፣ ዶክተሯ ያኔ ፍኖተ ሰላም ናት፣ ሰው የሚጠይቀው እኛን ነው። የመጨረሻው እውነት ነው። እንደ ሞኝ ልቆጥረው አልችልም።

እሱ ገና ሲጀምር እጅጌዬን ሰብስቤ ወደ ትልቁ ክምር ሄድኩ። ክንዴን እስከ ብብቴ ከተትኩ። አላወጣሁትም። እሱ ሲናገር እንዲሁ ቆየሁ። መሐሉ ይሞቅ ነበር፣ እርጥብ ነው። ጎንበስ እንዳልኩ ወገቤን አመመኝ። አሁንም እያመመኝ ነው። ንግግሩን ሲጨርስ አውጥቼ በየሰው ፊት ዞርኩ። ቅጠልና አፈር፣ ሌላ ምንም።

«ነገ ልጆቹ ከሚቀመጡበት ቦታ እኔ ክንዴን ገልጬ እቀመጣለሁ» አልኩ። «ፍኖተ ሰላም አልሆንም፣ እዚህ ነኝ። የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ።»

ስመኘው ክንዴን አየና፣ «ማሳከኩ በማግሥቱ ቢሆንስ?» አለ። ግን ድምፁ ወርዶ ነበር።

ተከራከሩ። ግማሹ ቅጠሉ ይመለስ አለ፣ ግማሹ አንዴ ለጭስ የተከመረ አይመለስም አለ። አቶ አስማረ አንዱ ክምር ይቃጠል፣ ሁለቱ ይመለሱ ብለው አስታራቂ ሐሳብ አመጡ። አንዱንም አልሰጥም አልኩ። ምናልባት መቀበል ነበረብኝ። ግትር ነኝ፣ አውቃለሁ። ግን የትኛው ክምር ውስጥ የትኛው ቦታ እንዳለ ማንም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም።

ሳይስማሙ ተነሱ። መምሬ ይሁኔ ጉባኤውን ነገ እንደገና ሰብስበው፣ የተወሰነውን ራሳቸው ለሕዝቡ እንደሚናገሩ ገለጹ። ወደየትኛው እንዳደሉ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም።

ስመለስ ለኃላፊው ደውዬ የኖራው ሥልጠና ላይ እንደማልገኝ ነገርኩት። «ለቅጠል ብለሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት፣ ለቅጠል ብዬ።

ከጎረቤቴ መንሽ ተውሻለሁ። ይመለስ ካሉ ከሰው ቀድሜ የምበትነው እኔ ነኝ። ይቃጠል ካሉ ለመምሬ የነገርኳቸው አልተለወጠም፤ ክምሩ ላይ እቀመጣለሁ።

ውሳኔው ነገ ከቅዳሴ በኋላ፣ እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ይነገራል።