የዋና አዘጋጃችን የዶክተር ሲላስ ኢሳይያስ ዕረፍትና የስድሳኛው ዕትም ጉዳይ

የቡና ምድር የሕክምና መጽሔት ማኅበር፣ ከመሥራቾቹ አንዱና ለሃያ ሁለት ዓመታት ዋና አዘጋጁ የነበሩት ዶክተር ሲላስ ኢሳይያስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በልብ ሕመም ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለጸሐፊዎቹና ለአንባቢዎቹ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው በማግስቱ ቤተሰቦቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ያከሟቸው ሰዎች በተገኙበት በአማን ተፈጽሟል።

ዶክተር ሲላስ በ1957 ዓ.ም. በሸዋ ቤንች ተወለዱ። በማጂ፣ በቴፒና በሚዛን በሐኪምነት አገልግለዋል።

በ1988 ዓ.ም. ከአራት ባልደረቦቻቸው ጋር መጽሔቱን መሠረቱ። መጽሔቱ ከዚያ ወዲህ በጥርና በሐምሌ ሳያቋርጥ ወጥቷል። ክረምት መንገድ ሲዘጋ የማጂ ድርሻ በበቅሎ የሄደባቸው ዓመታት አሉ።

በ1996 ዓ.ም. ዋና አዘጋጅ ሆኑ። ማንኛውም ጽሑፍ የጸሐፊው ስም ተሸፍኖ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በሁለት የሙያ አቻዎች ሳይገመገም እንዳይታተም ደነገጉ።

በ2003 ዓ.ም. ከአባላቱ መካከል ያለነው ቡና አቅራቢዎች የኅትመቱን ወጪ ለመደገፍ ማኅበሩን ስንቀላቀል፣ አንድ ጽሑፍ ለምን ስድስት ወር እንደሚቆይ ጠይቀናቸው ነበር። «የቡና ናሙናችሁ ደረጃ እንዲወጣለት በቅምሻ ማዕከል የሚቀርበው በስማችሁ ነው በቁጥር?» አሉን። «በቁጥር» አልን። «እኔም የማስቀምሰው ጽሑፉን እንጂ ጸሐፊውን አይደለም» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የጠየቃቸው የለም።

በ2008 ዓ.ም. እሳቸው ራሳቸው የተሳተፉበት ጥናት በአንድ ደጋ ቀበሌ ወባ እንደበረታ አመለከተ፤ ግምገማውንም አልፎ ታተመ። አንዲት የቴፒ ነርስ ግን የሕሙማኑን ካርድ መርምረው ስህተቱን ጻፉልን። ሕሙማኑ ቡና ለቃሚዎች ነበሩ፤ አድራሻ ሲጠየቁ የተናገሩት ያሠራቸውን ሰው ቀበሌ ነበር፤ ወባው የያዛቸው ግን ወደዚያ ከመምጣታቸው በፊት ቆላ ሳሉ ነው። ዶክተር ሲላስ በተከታዩ ዕትም የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጥናቱ መሰረዙን አስታውቀው «ስህተቱ የእኔ ነው» ብለው አሳተሙ። ወደ ደጋው ሊሄድ የተዘጋጀው አጎበርም ወደ ቆላው ተላከ። ይህ መጽሔት ለምን እንደሚያስፈልግ ለሚጠይቀን ሁሉ መልሳችን ይኸው ነው።

ዶክተር ሲላስ ከማረፋቸው አሥራ ሁለት ቀን በፊት፣ የለቃሚዎች አድራሻ በሕክምና ካርድ ላይ እንዴት መመዝገብ እንዳለበት የሚያሳይ የመጨረሻ ጥናታቸውን ለዝግጅት ክፍሉ አስገብተዋል። በስድሳኛው ዕትም ለመታሰቢያቸው ያለ ግምገማ ይውጣ የሚል ሐሳብ ከአባላት ቀርቦ ነበር። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፤ በስብሰባችንም ብዙ ድጋፍ አግኝቶ ነበር። በመጨረሻ የባለቤታቸው የሲስተር የምሥራች ጥበቡ ቃል ተጠየቀ። «ሲላስን የምታከብሩት ከሆነ ስሙን ሸፍኑት» አሉ።

ስለዚህ ማኅበሩ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ጽሑፉ እንደማንኛውም ጽሑፍ ቁጥር ተሰጥቶታል። እዚህ አካባቢ አጻጻፋቸውን የማያውቅ ሐኪም ስለሌለ ለሁለት የሩቅ ገምጋሚዎች ተልኳል። እርማት ከተጠየቀ በጥናቱ አብረዋቸው የሠሩት ዶክተር ረድኤት ኃይለሚካኤል ያርሙታል። ግምገማውን ካላለፈ አይታተምም። ስድሳኛው ዕትም ግን ጽሑፉ ቢያልፍም ባያልፍም በጥር ይወጣል፤ ዝግጅቱን ዶክተር ረድኤት በተጠባባቂነት ይመሩታል።

ማኅበሩ ለሲስተር የምሥራች፣ ለልጆቻቸው ለሆሳዕናና ለፍሬአብ፣ ለወዳጆቻቸውና ለሙያ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን ከልብ ይመኛል። ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው።

ለዚሁ ዕትም የተላኩ ሰባት ጽሑፎች አሁንም በገምጋሚዎች እጅ ይገኛሉ። ገምጋሚዎቻችን ለልቅሶ መምጣት ባትችሉ እንረዳለን፤ አስተያየታችሁን ግን እስከ ታኅሣሥ 15 ላኩልን።

የቡና ምድር የሕክምና መጽሔት ማኅበር
ሚዛን አማን፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.