ሲንክ ውስጥ ያጠብኳቸው ስድስት ጄቶች

ግርማዬ፣ የኔ ጌታ፣

በበረዶው ተለየኸኝ፤ ይኸው ሣር የሚታጨድበት ጊዜ መጣ። የምታጭደው ልጃችን ሜሮን ናት። መኪናህን ሸጥናት። ክሪስታል ከተማ ያለው ቤታችን ግን እንደተውከው ነው ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ አፈርኩና ተውኩት። ቤዝመንትህን፣ ያን ከምድር በታች ያለ የሥራ ክፍልህን፣ ነክቼዋለሁ።

የሞዴል አውሮፕላን ክለብህ ሽማግሌ ደውሎ፣ ትርኢት ስላለን ስድስቱን ጄቶች በስሙ ጠረጴዛ ላይ እናሰልፍለት አለኝ። እነዚያን ሰማይ ላይ ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተው የሚገለባበጡትን የጦር ጄቶች፣ ከመዳፍ በማይበልጥ ፕላስቲክ የሠራሃቸውን። ደስ አለኝ። አቧራ ይዘዋል ብዬ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እንደ ሰሃን ሲንክ ውስጥ ዘፍዝፌ በሙቅ ውሃና በሳሙና አሸኋቸው። በየጄቱ ላይ ያለው ቁጥርም፣ ቢጫው መስመርም እየተላጠ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ለካ ቀለሙን የሚይዘውን የመጨረሻውን ቫርኒሽ ሳትቀባቸው ነው የሄድከው። ይህንንም የነገረችኝ ሜሮን ናት፣ ዩቲዩብ አይታ፣ በእንግሊዝኛ እየተቆጣች።

ለሽማግሌው መልሼ ደወልኩና ለዘመድ አገር ቤት ልከናቸዋል አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። እሱ ምስኪን፣ ግድ የለም እናንተ ብቻ ኑ፣ ጠረጴዛውን እንይዝለታለን አለ።

ሄድን። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ባዶ ጠረጴዛ፣ ስምህ ተጽፎበት። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ጨበጡኝ። አንዱማ እጄን ይዞ፣ ቀለሙን የምትመርጪለት አንቺ ነሽ አይደል፣ ሁልጊዜ ይነግረን ነበር አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን መጫወቻ ይገጣጥማል እያልኩ በእንግዳ ፊት የምስቅብህ ሴትዮ። ቤዝመንት የምወርደው ልብስ ላጥብ ብቻ አልነበረም? ለካ አንተ ገበናዬን ስትሸፍን ኖረሃል።

ከዚያ ወዲያ መዋሸቱን አልቻልኩም። ሜሮን ሳትነግረኝ ጄቶቹን መኪናዋ ውስጥ ጭናቸው ኖሮ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ፤ ወጥቼ አመጣኋቸውና እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኳቸው አልኩ። ማንም አልሳቀም። በሰልፋቸው ሊያቆሟቸው ፈልገው፣ መሪው የትኛው ነው ብለው ጠየቁኝ። ቁጥሩ የለማ። ስንት ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ አንድ ቀን ጠጋ ብዬ አላየሁትም። ስድስቱ ፊት አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

ከእንግዲህ ስምህ በተነሣበት ሁሉ፣ ቀለሙን የሚመርጠው ብቻውን ነበር እላለሁ። እያፈርኩም ቢሆን እለዋለሁ። የማስታውስህ እንደዚያ ነው።

ያንተው አልማዝ