ሁለት ጣሳ ባሩድ

ማክሰኞ፣ ጁን 3

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ላሞቹን አልቤ ጥይት መሙያው ክፍል ገባሁ። የምሞላው ለአባባ ትልቁ ጠመንጃ ነው፤ ወንድሜ ሪያን በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ጎሽ ሊያድንበት ከፕሪቶሪያ መጥቷል። እንደ ደንቡ ከጥይት አሞላል መጽሐፉ ትንሹ የባሩድ መጠን ተነሳሁ። ሦስት ተኮስኩ። መቀርቀሪያው ያለ ትግል ተከፈተ። ቀለሆቹም ደህና ናቸው።

ሪያን አጥሩን ተደግፎ ይስቃል። "እቴ፣ በዚህች ባሩድ ጎሹን ልታስነጥሺው ነው? ጨምሪበት እንጂ! መጽሐፉን የጻፉት እኮ ክስ የፈሩ ጠበቆች ናቸው።"

"ቢበዛ የሚፈነዳው ጉንጭህ ሥር ነው" አልኩት።

ረቡዕ፣ ጁን 4

ለትንሿ የሚዳቋ ጠመንጃ ጥቂት ሞላሁ። ላሟ ምጥ ይዟታል ብለው ሲጠሩኝ ሥራውን እንዳለ ትቼ ሮጥኩ። ወንድ ጥጃ።

ሐሙስ፣ ጁን 5

ወደ ትልቁ ተመለስኩ። የባሩዱ መስፈሪያ ባዶ ነበር... ትናንት አራግፌው ኖሯል። የማክሰኞውን መጠን ለማረጋገጥ ደገምኩት። ያው ክብደት፣ ያው ቀለህ፣ ያው እርሳስ።

አንዷን ተኮስኩ። ትከሻዬ ወዲያው አወቀ። መቀርቀሪያው አልከፈት አለ፤ በመዳፌ መትቼ ነው ያስለቀቅኩት። የቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችው መለኮሻ ተጨፍልቃለች። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ነው እንዲህ የሚሆነው። ያውም በትንሹ መጠን! ሌሎቹን አልነካሁም።

ሚዛኑን ፈተሽኩ። ልክ ነው። ታዲያ ምንድን ነው?

ማን ገብቶ ነበር?

ዓርብ፣ ጁን 6

ያልተተኮሱትን ፈትቼ ባሩዱን ነጭ ወረቀት ላይ ዘረገፍኩት። ረጃጅም ፍሬዎች... መሀል መሀሉ ላይ አጫጭር። አጭሩ የትንሿ ጠመንጃ ባሩድ ነው፣ ፈጥኖ የሚነደው። ሊያልቅ የደረሰውን የትልቁን ጣሳ ከፈትኩ። እሱም ተቀላቅሏል። የሪያን ፊት ድቅን አለብኝ።

ጣሳዎቹ መንትያ ናቸው፤ የሚለያቸው ቁጥራቸው ብቻ። እኔ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ጣሳ በላይ አላወጣም። ስለዚህ እኔ አይደለሁም።

ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ አባባ አንገት ላይ። ሪያን አባባን ቢጠይቅ ይሰጡታል። "ጨምሪበት" ያለው እሱ አይደል? ዛሬ ሲያየኝስ ለምን ፈገግ አለ?

እሑድ፣ ጁን 8

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጥብሱ እሳት ላይ እያለ አፌ አመለጠኝ።

"ሪያን፣ ባሩዱን ምን አደረግከው?"

"የቱን ባሩድ?"

"አትቀልድ! ፈጣኑን ቀላቅለህበታል። ፊትህን ልታጣ ነበር እኮ።"

"እኔ? የገዛ ፊቴን? ሴትዮ፣ አብደሻል!"

አባባ ሥጋውን ይገለብጣሉ። አንድ ቁራጭ አመዱ ላይ ወደቀባቸው፣ አላነሱትም። ቆይተው "እናታችሁ ብትኖር ታፍርባችሁ ነበር" አሉ።

ሪያን ሳይበላ ወደ ፕሪቶሪያ ነዳ። የጥፋተኛ አካሄድ ነው። ወይስ የተበደለ ሰው?

ሰኞ፣ ጁን 9

የተበላሸውን ባሩድ ሜዳ ላይ አቃጥዬ አዲስ ጣሳ ገዛሁ። መስፈሪያው ውስጥ ሆን ብዬ የትልቁን ባሩድ ጥቂት ተውኩ። በሁለቱም ጣሳ ክዳን ላይ አንዳንድ የበቆሎ ፍሬ አስቀመጥኩ። እንግዲህ እንተያያለን።

ማክሰኞ፣ ጁን 10

አልቤ ስመለስ በሩ እንደተቆለፈ ነው። መስፈሪያው ግን ባዶ። የትንሿ ጣሳ ላይ የነበረችው ፍሬ የለችም... ወለሉ ላይ አገኘኋት፣ በጫማ ተረግጣ።

ሪያን ፕሪቶሪያ ነው። ደግሞስ ዓይን ያለው ሰው ፍሬዋን አይቶ ይመልሳት ነበር።

ዓይን ያለው...

"ባሩድ መስፈሪያ ውስጥ አያድርም፤ ወደ ጣሳው ይመለስ።" ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ያስተማሩኝ አባባ ናቸው። መልሰውታል። የትልቁን ወደ ትንሿ ጣሳ። ያን ረቡዕ ትቼው የሮጥኩትን የትንሿን ደግሞ ወደ ትልቁ።

ረቡዕ፣ ጁን 11

ቁርስ ላይ ከመደርደሪያው አንድ ጣሳ አውርጄ ሰጠኋቸው።

"አባባ፣ ይሄ የቱ ነው?"

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት። "የትልቁ ነዋ! ቁጥሩ አይታይሽም?" ቁጥሩንም አንድ ሳይስቱ ነገሩኝ።

የኮኮዋ ዱቄት ጣሳ ነበር።

ምንም አልተናገርኩም። ዝምታዬን ግን ሰሙት። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ። ጣሳውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ካቻምና ትንሽ ትንሽ... ዘንድሮ ባሰ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ጠመንጃውን ትወስዱብኛላችሁ ብዬ ነው፣ ልጄ።"

ከአንገታቸው ቁልፉን አውልቀው ጣሳው አጠገብ አኖሩት። ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የትንሿን ጣሳ ባሩድም አቃጠልኩ።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ሪያንን በስልክ ይቅርታ ጠይቄው ነበር። "የጎሹን ምላስ ብቻዬን ነው የምበላው" ብሎ ታረቀኝ፤ ዛሬ ጠዋት መጣ። አደኑ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። ከአዲሱ ጣሳ፣ እንደገና ከትንሹ መጠን ጀመርን።

ደንብ ጨምረናል። አንዳችን ጣሳውን ጮክ ብለን እናነባለን፣ አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። "ድገመው" ይላሉ። ሪያን ይደግማል። ስለ ጠበቆቹ ትንፍሽ አላለም።

ሦስት ተኮሰ። መቀርቀሪያው ያለ ትግል ተከፈተ። አባባ ድምፁን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ባለፈው ወር ከተማ ድረስ በመኪና የወሰደኝ ማን ነበር? እሳቸው! በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ፣ እየዘፈኑ! የመኪናውን ቁልፍ እንዴት ብዬ እንደምጠይቃቸው እያሰብኩ ገባሁ።

ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከጥይት ክፍሉ ቁልፍ ጎን አስቀምጠውታል።